ፍራሽዎን ራስዎ ሲደራርቡ
የስፖንጅ ፍራሽ በቤቱ ለመደራረብ ያሰበ ሰው ከመቀስ በፊት ሚዛን ያዘጋጅ። ሻጭ «ጠንካራ ነው» ሲል ስለ ጥግግቱ የተናገረ ይመስለናል፤ ሁለቱ ግን ይለያያሉ። ጥንካሬ በእጅ ተጭነው የሚያውቁት ነው። ጥግግት በአንድ ሜትር ኩብ ያለው ክብደት ሲሆን፣ ፍራሹ ቶሎ እንዳይሰረጉድ በአብዛኛው የሚወስነው እሱ ነው። 1.90 ሜትር በ1.20፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስፖንጅ «ባለ 30 ኪሎ» ከተባለ 10 ኪሎ ግድም ሊመዝን ይገባል። 6 ኪሎ ከሆነ ጥግግቱ 18 እንኳ አይሞላም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ቢሆን ገዢ ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምር ያዛል።

ጠንካራውን ከታች፣ 5 ሳንቲ ሜትር ለስላሳውን ከላይ ያድርጉ። ማስቲሽ አያስፈልግም፤ ዚፕ ያለው የጥጥ ልብስ አንድ ላይ ይይዛቸዋል፤ ነገ የሰረጎደውን ብቻ አውጥቶ ለመለወጥም ያመቻል። የማሸጊያውን ላስቲክ ግን ይግፈፉት፣ ላብ ያቁራል። ስፖንጅ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ሻማና ከሰል አጠገቡ አይድረሱ።