ረጃጅሞቹ ችግኞች የማያሳዩት፦ የሩዝ ባካናይ በሽታ ስርጭትና የአቆጣጠሩ ችግር

የባካናይ በሽታ ስርጭት ብዙ ጊዜ የሚለካው ከእኩዮቻቸው በላይ ተመዝዘው የወጡ፣ የገረጡና የቀጠኑ ችግኞችን በመቁጠር ነው። ይህ አቆጣጠር የበሽታውን መጠን አሳንሶ ያሳያል።

በሽታውን ፈንገስ እንደሚያመጣው ጃፓናዊው ሾታሮ ሆሪ በ1898 እ.ኤ.አ. አሳየ። በ1926 ኤይቺ ኩሮሳዋ ታይዋን ውስጥ ፈንገሱ ያደገበትን ፈሳሽ አጣርቶ ለጤነኛ ችግኝ ቢሰጠው፣ ፈንገሱ ራሱ በሌለበት ችግኙ ያለልክ ረዘመ። የሚያስረዝመውን ንጥረ ነገር ቴይጂሮ ያቡታ በ1935 ጅበረሊን አለው። ዛሬ የወይን ገበሬ ፍሬ ለማወፈር የሚረጨው ይህንኑ ነው፤ የዕፅዋት ሳይንስ ከአንድ የሩዝ በሽታ ይህን ያህል አትርፏል።

ሆኖም ፉሳሪየም ፉጂኩሮይ የተባለው ይህ ፈንገስ እድገት የሚገታ ፉሳሪክ አሲድም ያመነጫል። ስለዚህ ከተበከለ ዘር የበቀለው ሁሉ አይረዝምም። አንዳንዱ ይቀጭጫል፣ አንዳንዱ ከአፈር ሳይወጣ ይበሰብሳል፣ አንዳንዱም ምንም ምልክት ሳያሳይ ያድጋል። የረዘሙትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ቀድመው ስለሚሞቱ ዘግይቶ ማሳ የገባ ቆጣሪ አያገኛቸውም። በሞቱት ላይ የሚፈሉት የፈንገሱ መራቢያ ብናኞች (ስፖሮች) ግን ሩዙ ሲያብብ በነፋስ ወደ ጎረቤት አበባ ይደርሳሉ። ክፉኛ የተጠቃ ዘር ቀይ ቀለም ይይዛል፤ በመጠኑ የተጠቃው ከጤነኛው አይለይም።

ስርጭቱ ከአጨዳ በኋላም ይጨምራል። ዘር አንድ ላይ ሲዘፈዘፍ ፈንገሱ ከታመመው ወደ ጤነኛው ይሻገራል። ጃፓን ውስጥ በማሽን ለሚተከል ሩዝ ችግኝ በሣጥን፣ ተጠጋግቶና በሙቀት መፍላቱ በሽታውን አባብሶታል። ቤኖሚል የተባለው ፀረ ፈንገስ ለጊዜው ቢያግዝም ፈንገሱ ተላመደው፤ ዘሩን በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ ለ10 ደቂቃ መንከር እንደ አማራጭ ተይዟል። በሽታው በ1999 የታየባት ካሊፎርኒያ ደግሞ መዘፍዘፊያው ውኃ ላይ የበረኪናን ንጥረ ነገር፣ ሶዲየም ሃይፖክሎራይትን፣ መጨመርን መርጣለች።

የስርጭት ጥናት እንግዲህ ዘሩን፣ የችግኝ መደቡንና ያሸተውን ማሳ ለየብቻ ቆጥሮ ማቅረብ ይኖርበታል። የዘሩ ቆጠራ ከሁሉ ይከብዳል፤ ለምርመራ እርጥብ ወረቀት ላይ ከተቀመጠው ዘር የበቀለውን ፈንገስ ከቅርብ ዘመዶቹ በማይክሮስኮፕ ብቻ መለየት ስለሚያስቸግር የዘረመል ምርመራ ይጠይቃል።