ማውሱ ካልተጠየቀ አይናገርም

እ.ኤ.አ. በ1796 መጀመሪያ ላይ የግሪንዊች የከዋክብት ማጥኛ ኃላፊ የነበረው ኔቪል ማስከላይን ረዳቱን ዴቪድ ኪንብሩክን ከሥራ አሰናበተው። ጥፋቱ መዘግየት ነበር። ኮከብ በቴሌስኮፑ ውስጥ የተወጠረውን ቀጭን ክር ስታቋርጥ ረዳቱ የሚመዘግበው ጊዜ አለቃው ከሚመዘግበው በስምንት አሥረኛ ሰከንድ ወደኋላ ይቀር ነበር። ሥራው ዓይንን ቴሌስኮፑ ላይ፣ ጆሮን የሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ላይ አድርጎ ኮከቧ በየትኛው ምት ላይ እንዳለፈች መያዝ ነው። ማስከላይን ነገሩን ለግዴለሽነት ቆጠረው። ዓመታት አልፈው ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ቤሰል ስለዚህ ጉዳይ ሲያነብ ገረመውና ራሱን ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ማስተያየት ጀመረ። ያገኘው ነገር ቀላልም ከባድም ነበር፤ ሁለት ሰዎች አንዷን ኮከብ እያዩ አንድ ዓይነት ጊዜ አይመዘግቡም። ሁሉም የየራሱ መዘግየት አለው። ኪንብሩክ ግን ይህን ሳይሰማ በ1802 ሞቷል።

ይህን የቆየ ታሪክ ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ነው። ካውንተር ስትራይክ ይጫወታል፤ ሲሸነፍ ደግሞ ጥፋቱ የእሱ ሆኖ አያውቅም፤ ወይ ኔትወርኩ ነው፣ ወይ ወንበሩ። አንድ ቅዳሜ ስልኩን ይዞ መጣና “ጋሼ፣ ይህ ማውስ 8000 ሄርዝ ይላል። የእኔ 125 ነው። ብቀይረው ኦንላይን ላይ ይሻለኛል?” አለኝ። ዋጋውን አየሁት። ከዚያ ስምንት ሺህ ምኑ እንደሆነ ለማስረዳት ስሞክር ከእንጨት ካልተነሳሁ እንደማይሆንልኝ ገባኝ።

የመጀመሪያው ማውስ ከእንጨት የተሠራ ነበር። ሐሳቡ የዳግላስ ኤንግልባርት ነው፤ በ1964 በካሊፎርኒያ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ውስጥ በእጁ የሠራው ደግሞ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ። አንድ ቁልፍ፣ ከሥሩ እርስ በርስ ቀጥ ባለ ማዕዘን የቆሙ ሁለት ጎማዎች፣ ከኋላው ገመድ። ሕዝብ ፊት የቀረበው በታኅሣሥ 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ነው። በዚያ ቀን ኤንግልባርት መድረክ ላይ ተቀምጦ ማውሱን ሲያንቀሳቅስ ትእዛዙን የሚቀበለው ኮምፒውተር አዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሜንሎ ፓርክ ነበር። ማውስ ለዓለም የታየው ገና ከጅምሩ ከሩቅ ማሽን ጋር ተያይዞ ነው ማለት ነው።

ማውስ ተራው ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ፣ በ1980ዎቹ፣ የሚገባው በሲሪያል ገመድ ነበር። ገመዱ በሰከንድ 1200 ቢት ያሳልፋል፤ አንዱ የእንቅስቃሴ መልእክት ሦስት ባይት ነው። ባይቶቹን የሚያጅቡት ቢቶች ተጨምረው ሲካፈል በሰከንድ 40 መልእክት አካባቢ ይወጣዋል። ለጽሑፍ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ለጨዋታም ቢሆን ያን ጊዜ ማንም አላማረረም፤ በ1993 መጨረሻ የወጣው ዱም የራሱን ዓለም የሚያድሰው በሰከንድ 35 ጊዜ ብቻ ነበርና ማውሱ ከጨዋታው አይዘገይም።

አይ.ቢ.ኤም. በ1987 ፒ.ኤስ/2 የተባሉ ኮምፒውተሮቹን ሲያወጣ ያቺን ክብ መሰኪያ ይዞ መጣ። በፔንቲየም ዘመን ኢንተርኔት ካፌ የገባ ሰው ያውቃታል፤ አረንጓዴዋ ለማውስ፣ ሐምራዊቷ ለኪቦርድ። (ማውሱ ሲቸከል ሆዱን ከፍቶ ኳሷን ማውጣትና በጥፍር እድፉን መፋቅ የካፌው ልጅ የዕለት ሥራ ነበር።) በዚህ መሰኪያ ማውሱ እጅ ሲነካው ራሱ ነው የሚጠራው፤ በተለምዶ በሰከንድ እስከ 100 ጊዜ፣ ከተስተካከለ እስከ 200።

ጨዋታው የተለወጠው በ1996 ክረምት ነው። ኩዌክ የተባለው ጨዋታ ሦስት ገጽታ ያለውን ዓለም ይዞ ወጣ፤ ወደላይም ወደታችም ማነጣጠር መጣ። በቀጣዩ ዓመት አትላንታ ውስጥ በተደረገ ውድድር ዴኒስ ፎንግ የተባለ ወጣት በአንድ እጁ ኪቦርድ፣ በሌላው ማውስ ይዞ ሁሉንም አሸነፈና ከጨዋታው ሠሪዎች አንዱ የነበረውን የጆን ካርማክን ቀይ ፌራሪ ተሸልሞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ማውስ የጸሐፊ ዕቃ ሆኖ መቅረቱ አበቃ።

በዚያው በ1996 ዩ.ኤስ.ቢ. መጣ። እንግዲህ የእህቴ ልጅ ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ነው። በዩ.ኤስ.ቢ. ማውሱ እንደልቡ አይጠራም፤ ኮምፒውተሩ በየተወሰነ ጊዜ እየመጣ “አዲስ ነገር አለ?” ብሎ መጠየቅ አለበት። እጅ ካልተነቃነቀ መልሱ “የለም” ነው። ይመለሳል፤ ይጠይቃል፤ “የለም”። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ፖሊንግ ሬት የሚባለው ይህ ጥያቄ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም የሚናገረው ቁጥር ነው። ለተራ የዩ.ኤስ.ቢ. ማውስ ዊንዶውስ የመደበው በየ8 ሚሊሰከንዱ አንድ ጥያቄ፣ በሰከንድ 125 ነበር። አዲሱ መሰኪያ በዚህ በኩል ከአሮጌው 200 አነሰ። ስለዚህ በዘመኑ የነበሩ ብርቱ ተጫዋቾች አዲሱን ማውስ በአረንጓዴ መለወጫ አሮጌው ቀዳዳ ውስጥ ሲሰኩት ይታዩ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ የዊንዶውስን የዩ.ኤስ.ቢ. ፋይል ራሳቸው እየነካኩ ጥያቄውን ወደ 500 እና 1000 ማድረስ ጀመሩ። አንዳንዱ ተሳካለት፣ አንዳንዱ ዊንዶውሱን እንደገና ጫነ። ፋብሪካዎቹ ነቅተው በ2005 አካባቢ 1000 ሄርዝ ካርቶኑ ላይ የተጻፈባቸው ማውሶችን ማውጣት ጀመሩ። በ2021 ሬዘር የተባለው ኩባንያ ቫይፐር የተባለውን የ8000 ሄርዝ ማውስ አወጣ። ይህም የሆነው በ2000 የመጣው ሁለተኛው ዩ.ኤስ.ቢ. ጊዜን በ125 ማይክሮሰከንድ ስለሚከትፍ ነው፤ ሰከንድን እንዲህ ብትከትፉት 8000 ይሆናል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ጥያቄው በየ8 ሚሊሰከንዱ ከሆነ፣ ጠቅ ያደረጋችሁት ነገር ጠያቂው እስኪመጣ በአማካይ 4 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። በ1000 ከሆነ ግማሽ ሚሊሰከንድ። በ8000 ከሆነ ከአንድ ሚሊሰከንድ አሥራ ስድስተኛ። ከ125 ወደ 1000 ስትሄዱ 3.5 ሚሊሰከንድ አተረፋችሁ። ከ1000 ወደ 8000 ስትሄዱ ግን ያተረፋችሁት ግማሽ ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ቁጥሩ ሁለቱም ጊዜ በስምንት ተባዝቷል፤ ትርፉ ግን እኩል አይደለም። ነጋዴው የሚጽፈው ቁጥሩን ብቻ ነው።

3.5 ሚሊሰከንድ ይታያል? በእጅ አይታወቅም፣ በዓይን ግን አንዳንዴ ይታያል። በሰከንድ 144 ጊዜ ራሱን የሚያድስ ስክሪን ይኑራችሁ እንበል። ማውሱ የሚናገረው 125 ጊዜ ነው። ስለዚህ በየሰከንዱ 19 ያህል ምስሎች ስለ እጃችሁ አዲስ ወሬ ሳይደርሳቸው ይሣላሉ፤ እይታችሁ ቆም ቀጠል፣ ቆም ቀጠል ይላል። የእህቴን ልጅ ማውስ ከ125 ወደ 1000 ቀይሬ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ ክብ እንዲሠራ ሳደርገው ምንም ሳልነግረው “ለስለስ አለ” ያለው ለዚህ ነው። በ60 ሄርዝ ስክሪን ቢሆን ኖሮ ልዩነቱን ባላየው ነበር።

8000 ሲሆን ደግሞ ሌላ አስቂኝ ነገር አለ። ማውሱ በ800 ዲ.ፒ.አይ. ከተስተካከለ አንድ ኢንች ሲሄድ 800 ነጥብ ይቆጥራል። በሰከንድ ለሚመጡት 8000 ጥያቄዎች እያንዳንዱ አንዳንድ ነጥብ እንዲያደርስ እጃችሁ በሰከንድ 10 ኢንች፣ 25 ሴንቲ ሜትር መሮጥ አለበት። ጠላት ራስ ላይ ቀስ ብላችሁ ስታነጣጥሩ ግን እጃችሁ የሚሄደው ከዚህ እጅግ ባነሰ ፍጥነት ነው፤ ከጥያቄዎቹ አብዛኞቹ “የለም” ይዘው ይመለሳሉ። እነዚህን ሁሉ የሚያስተናግደው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ደካማ ከሆነ ጨዋታውን ትቶ ማውስ ሲጠይቅ ይውልና ምስል (ፍሬም) ይዘላል። ለፍጥነት ብሎ የገዛው ዕቃ ኮምፒውተሩን ያዘገየበት ሰው ጥቂት አይደለም።

“ኦንላይን” የሚለው ቃል ሲጨመር ደግሞ ጨዋታው ሌላ ነው። ካርማክ ኩዌክን ሲሠራ ያሰበው ከ200 ሚሊሰከንድ በታች የሆነ መስመር ላለው ሰው ነበር። ቤታቸው ሆነው በስልክ ሞደም የገቡት ተጫዋቾች ወደፊት የሚለውን ቁልፍ ተጭነው እግራቸው እስኪነሳ ይጠብቁ ነበር። ካርማክ ግምቱ ስህተት እንደነበር አመነና በዚያው በ1996 መጨረሻ ኩዌክወርልድን አወጣ። በእሱ ኮምፒውተራችሁ ጨዋታው የሚካሄድበትን የሩቅ ኮምፒውተር፣ የሰርቨሩን፣ መልስ ሳይጠብቅ “ይህ ሰው ወደፊት ሄዷል” ብሎ ቀድሞ ያሳያችኋል፤ ሰርቨሩ ካልተስማማ በኋላ ያርማል። በ2001 ደግሞ የሃፍ ላይፍ መሐንዲስ ያን በርኒየር ሌላውን ግማሽ በጽሑፍ አስረዳ፤ ሰርቨሩ ጥይታችሁ ሲደርሰው ጊዜን ወደኋላ ያጠነጥንና እናንተ በተኮሳችሁባት ቅጽበት ጠላት የት እንደነበረ ያያል። ግድግዳ ጀርባ ገብታችሁ ሳለ የሞታችሁት ለዚህ ነው፤ በገዳያችሁ ስክሪን ላይ ገና አልገባችሁም ነበር።

በእኔ ግምት ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ለኦንላይን ጨዋታ ከተሠራው ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ዘዴዎች የሚበልጥ የለም። ካርቶን ላይ ግን አይጻፉም፤ አይሸጡማ።

ሰርቨሩም የራሱ ጠያቂ አለው፤ ቲክ ይባላል። ለረጅም ጊዜ የካውንተር ስትራይክ ጎ ዋና ሰርቨሮች በሰከንድ 64 ጊዜ ነበር ዓለሙን የሚያድሱት፤ አንዱ ቲክ 15.6 ሚሊሰከንድ ነው። በወረቀት እናስላው። በማውሱ ያተረፋችኋት 3.5 ሚሊሰከንድ ጥይታችሁን ወደ ቀደመው ቲክ የምታሻግረው ከአምስት ጊዜ አንዴ ያህል ነው። ከ1000 ወደ 8000 የተገኘችው ትርፍ ከመቶ ሦስቴ እንኳ አትሞላም። ቫሎራንት የተባለው ጨዋታ በ2020 ሲወጣ 128 ቲክ አደረገው፤ ካውንተር ስትራይክ 2 በ2023 በቲክ መካከል ያለውን ቅጽበት ጭምር መመዝገብ ጀመረ። ሁለቱም ለተጫዋቹ ያለምንም ወጪ የመጡ ናቸው።

የቀረው መንገዱ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልስ ሲሰላ 53 ሚሊሰከንድ፤ በተለመደው ፋይበር ይህን ማንም መሐንዲስ ሊቀንሰው አይችልም። ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናት፤ ደርሶ መልሱ 25። ኬብል ደግሞ በቀጥታ አይሄድም። የባሕር በር የሌለን በመሆናችን መስመራችን በጎረቤት አገር፣ በተለይ በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ይገባል፤ ወደ አውሮፓ የሚሄደው ደግሞ ቀይ ባሕርን ሽቅብ ወጥቶ ግብፅን ያቋርጣል። በ2024 መጀመሪያ ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲበጠሱ የምሥራቅ አፍሪካ መስመር ተጨናንቆ ነበር። ያን ሰሞን 8000 ሄርዝ ማውስ የያዘም፣ ኳስ ያለው አሮጌ ማውስ የያዘም እኩል ነው የተቸገረው።

ከመንገዱ ጫፍ ደግሞ ኪንብሩክ ተቀምጧል። ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ በ1850 የእንቁራሪት ነርቭ ላይ ለክቶ መልእክቱ በሰከንድ 30 ሜትር አካባቢ እንደሚሄድ አሳየ፤ እስከዚያ ድረስ ብዙዎች ሊለካ የማይችል ፈጣን ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጤነኛ ወጣት ስክሪን ላይ ነገር አይቶ ጣቱን ለማንቀሳቀስ 200 ሚሊሰከንድ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ይፈጅበታል፤ ያው ወጣት ደጋግሞ ቢለካ ውጤቱ በአሥሮች በሚቆጠሩ ሚሊሰከንዶች ከፍ ዝቅ ይላል። እንቅልፍ ያጣ ቀን ደግሞ ይብሳል። የእህቴ ልጅ የሚጫወተው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው።

ይህን ሁሉ ስነግረው “ታዲያ አልግዛው ነው የምትለኝ?” አለኝ። አዎ ነው ያልኩት። 125 ላይ የነበረው ማውሱ ከጠረጴዛው ሳይነሳ፣ ካምፓኒው በነፃ በሚሰጠው ፕሮግራም ወደ 1000 ከፍ ብሏልና። የእናንተም ማውስ ከፈቀደ ዛሬውኑ ቀይሩት፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ዋይፋዩን ትታችሁ በገመድ ተጠቀሙ፤ ጨዋታው ሰርቨር የሚያስመርጥ ከሆነ የቅርቡን ምረጡ። የ8000ውን ዋጋ ለመክፈል የምታስቡ ከሆነ መጀመሪያ ፒንጋችሁን፣ ማለትም ወደ ሰርቨሩ ደርሶ መልሱ የሚፈጀውን ሚሊሰከንድ፣ እዩ። የእህቴ ልጅ ፒንግ ያን ቀን 140 ነበር።