የጠላቂዎች የእጅ ሰዓት፤ ከጥቂቶች ወደ ብዙዎች እጅ የደረሰበት ታሪክ

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ የተወሰነ ነገር ነው። ይኸውም ባሕር ጠላቂዎች የሚያስሩት፥ ያለ ባትሪ በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላው የወንዶች ሰዓት መጠነኛ ገቢ ባለው ሰው እጅ እንዴት ሊገባ እንደ ቻለ ነው። ብዙ ሰው ዋጋው ዝቅ ያለ ሰዓት ሁሉ የውዱ ሰዓት ደካማ ቅጂ ይመስለዋል። እኛ ግን ታሪኩን ስንከታተል ያገኘነው ከዚህ የተለየ ነው፤ ርካሹ ሰዓት የተገኘው ውሃን የመከልከሉን ችግር በራሳቸው መንገድ በፈቱ ሰዎች ድካም ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

1. ነገሩ ከቀዳዳ ይጀምራል

የእጅ ሰዓት ዋና ጠላቶች አቧራና ርጥበት ናቸው። ሁለቱም በቀላሉ የሚገቡት የመሙያው ቁልፍ በሚያልፍበት ቀዳዳ በኩል ነው። ጆን ሃርውድ የተባለ እንግሊዛዊ ሰዓት ሠሪ ይህን ተመልክቶ፥ ቁልፉ ባይኖር ቀዳዳውም አይኖርም ብሎ ዐሰበ። ስለዚህ ክንድ ሲወዛወዝ ሞላውን የሚያጠብቅ ትንሽ ክብደት በሰዓቱ ውስጥ አኖረ፤ በ1924ም በስዊስ አገር የፈጠራ መብት ተሰጠው። ከዚህ የምንረዳው ራሱን የሚሞላው የእጅ ሰዓት ለምቾት ብቻ የታሰበ አለመሆኑን ነው።

የሮሌክስ ኩባንያ ደግሞ በ1926 ጀርባውም ቁልፉም እንደ ብሎን ተጠምዝዞ የሚዘጋ ሰዓት አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት መርሴዲስ ግላይትዝ የተባለች ዋናተኛ እንግሊዝንና ፈረንሳይን በሚለየው ባሕር ስትዋኝ ይህን ሰዓት ይዛ ነበር፤ ከብዙ ሰዓት በኋላ ከቀዝቃዛው ውሃ ስትወጣም ሰዓቱ ይሠራ ነበር። ኩባንያው በ1931 ሙሉ ክብ የሚዞር ክብደት ሲጨምርበት ሁለቱ ሐሳቦች በአንድ ሰዓት ተገናኙ። ቁልፉ በየዕለቱ ካልተከፈተ መዝጊያው በቶሎ አያረጅምና።

2. ደቂቃ የሕይወት ጉዳይ ሲሆን

በ1943 ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የታመቀ አየር የሚሰጠውን የመተንፈሻ መሣሪያ በፈረንሳይ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ጠላቂው ከላይ በቱቦ ሳይታሰር እንደ ልቡ የሚሄድ ሆነ። ነገር ግን በጀርባው የተሸከመው አየር የተቈጠረ ነው፤ በጥልቁ የቈየበትንም ጊዜ ካላወቀ ሲወጣ በደሙ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሊጐዳው ወይም ሊገድለው ይችላል።

የብላንፓን ሰዓት ፋብሪካ ሥራ መሪ ዣን ዣክ ፊሽቴር ራሱ ጠላቂ ነበረ። በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ሲጠልቅ የጊዜው ልክ ጠፍቶበት አየሩ ስላለቀ ሰዓት እንደሚያስፈልግ በራሱ ላይ ደርሶ ዐወቀው። በዚያው ወራት ሮቤር ማሉቢዬና ክሎድ ሪፎ የተባሉ የፈረንሳይ መኰንኖች ለወታደር ጠላቂዎቻቸው ሰዓት ይፈልጉ ነበር። በ1953 የወጣው ሰዓት ሃምሳ ፋዘም ማለት በሆነው በእንግሊዝኛ ስሙ፥ «ፊፍቲ ፋዘምስ» ተባለ፤ ልኩ 91 ሜትር ያህል ነው። ሮሌክስም በዚያው ጊዜ ሰብማሪነር የተባለውን ሠራ።

የእነዚህ ሰዓቶች ልዩ ምልክት በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ተዟዟሪ ቀለበት ነው። ጠላቂው ሲጠልቅ የቀለበቱን ምልክት ከደቂቃው ቈጣሪ ጋራ ያገጥማል፤ ከዚያ በኋላ ያለፈውን ደቂቃ ከቀለበቱ ያነባል። ቀኑን ከማለዳ ለምንቈጥረው ለእኛም፥ ከእኩለ ሌሊት ለሚቈጥሩትም ያው ነው፤ የሚለካው ያለፈውን ጊዜ ነውና። ኋላም ቀለበቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዲዞር ተደረገ። በድንገት ቢነካ ያለፈውን ጊዜ አብዝቶ ያሳያል እንጂ አያሳንስም፤ ስሕተቱ ጠላቂውን ቀድሞ ያወጣዋል እንጂ አያሰጥመውም።

3. ሁለት ሩቅ ፋብሪካዎች

ይህ ሁሉ ሲሆን የስዊስ ሰዓት ውድ ነበረ። መንገዱን ያሰፉት ከስዊስ ርቀው የሚገኙ ሁለት አገሮች ናቸው።

የጃፓኑ ሴይኮ በ1959 ክብደቱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሲዞር ሞላውን የሚያጠብቅ፥ ክፍሎቹ ጥቂት የሆኑ የማጠንጠኛ ዘዴ አወጣ። ክፍሉ ባነሰ ቍጥር ሥራውም ወጪውም ያንሳልና ነገሩ ትልቅ ነበረ። በ1965 እስከ 150 ሜትር የሚቋቋመውን የመጀመሪያውን የጃፓን የጠላቂዎች ሰዓት ሠራ፤ የጃፓን የአንታርክቲካ ተመራማሪዎችም አሰሩት።

በሶቪየት ኅብረት ደግሞ ቺስቶፖል በተባለች ከተማ ያለው የቮስቶክ ፋብሪካ በ1967 አምፊቢያ የተባለውን ሰዓት አወጣ። ሚካኢል ኖቪኮቭና ቬራ ቤሎቫ የተባሉት መሐንዲሶች ውሃውን በኀይል ከመታገል ይልቅ የውሃውን ግፊት ረዳት አደረጉት። የጀርባው ክዳን ራሱ አይጠመዘዝም፤ ክዳኑን የሚይዘው ሌላ ቀለበት ስለሆነ ወፍራሙ የጎማ ማሸጊያ አይፋቅም። ሰዓቱ በጠለቀ መጠን ውሃው ክዳኑን በጎማው ላይ አብልጦ ይጫነዋል፤ ከፕላስቲክ የተሠራው ወፍራም መስታወቱም ተጭኖ ከጠርዙ ጋራ ይጣበቃል። እንዲህ ያለው ሥራ እጅግ የረቀቀ ማሽን አይሻም። የመጀመሪያው አምፊቢያ በእጅ የሚሞላ ነበረ፤ ራሱን የሚሞላው ኋላ መጣ። ልኩም 200 ሜትር ነው።

4. ከኩሬ የመጣ ደብዳቤ

በ1968 በጃፓን በሂሮሺማ አውራጃ ኩሬ በተባለ ስፍራ የሚኖር አንድ ጠላቂ፥ ሰዓቶቹ ጥልቅ ባሕር አይችሉም ብሎ ለሴይኮ ጻፈ። በጥልቁ የሚሠሩ ሰዎች ሂሊየም የተቀላቀለበት አየር ይተነፍሳሉ፤ ይህ ቀጭን ጋዝ ወደ ሰዓቱ ሾልኮ ይገባና ሲወጡ ተስፋፍቶ መስታወቱን ይነቅለዋል። የስዊስ ሠሪዎች ጋዙ የሚወጣበት መዝጊያ አበጁ። መሐንዲሱ ኢኩኦ ቶኩናጋና ባልደረቦቹ ግን ጋዙ ከመጀመሪያው እንዳይገባ ለማድረግ ሰባት ዓመት ደከሙ። በ1975 የወጣው ባለ 600 ሜትር ሰዓት አካሉ ከቲታኒየም ነበረ። ርካሽ አልነበረም፤ ነገር ግን አንድ ሠራተኛ በጻፈው ቅሬታ መጀመሩ ሊዘነጋ አይገባም እንላለን።

5. ስሙና ፈተናው

በ1969 የኳርትዝ ሰዓት ከወጣ በኋላ ባለ ባትሪው ከሞላው ሰዓት ይልቅ ትክክልም ርካሽም ሆነ። እንዲህም ሆኖ ራሱን የሚሞላው አልጠፋም። በ1996 ሴይኮ «ኤስ ኬ ኤክስ 007» የተባለውን ባለ 200 ሜትር ሰዓት አወጣ፤ ዋጋው ለረጅም ጊዜ በ200 የአሜሪካ ዶላር አካባቢ ስለ ነበረ የብዙ ሰው የመጀመሪያ የጠላቂ ሰዓት ሆነ።

ከዚህ ቀደም ሲል በ1982 «አይሶ 6425» የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶ ነበር። በዚህ ደረጃ መሠረት የጠላቂዎች ሰዓት ቢያንስ 100 ሜትር መቻል፥ በጨለማ መነበብና ጊዜውን የሚለካው ቀለበት በድንገት እንዳይዞር የተጠበቀ መሆን አለበት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እያንዳንዱ ሰዓት ከተጻፈበት ልክ በሩብ በሚበልጥ ግፊት መፈተኑ ነው። «ውሃ አያስገባም» የሚባለው ተራ ሰዓት ግን ጥቂቱ ተመርጦ ቢፈተን ይበቃል።

ልዩነቱ በ2019 ግልጥ ሆነ። የ007 ሥራ ቆሞ መልኩ እሱኑ የሚመስል ሌላ ሰዓት በሴይኮ 5 ስም ወጣ። ሞተሩ የተሻለ ነው፤ በእጅም ይሞላል። ነገር ግን ቁልፉ ተጠምዝዞ አይዘጋም፥ ልኩም 100 ሜትር ነው። ፋብሪካው የጠላቂዎች የሚለውን ቃል ስላልጻፈበት አላታለለም፤ የሚታለለው መልኩን ብቻ አይቶ የሚገዛ ነው።

6. ማጠቃለያ

ዛሬ አብዛኛው ጠላቂ ጥልቀትንና ጊዜን የሚያሰላ ኮምፒዩተር በክንዱ ያስራል፤ ሰዓቱ ለመጠባበቂያ ነው። ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ። ዝናብና እጅ መታጠብ ብቻ ለሚገጥመው 100 ሜትሩ ይበቃዋል። በእርግጥ ለሚጠልቅ ግን ሦስት ነገር መመልከት ይገባዋል፤ የጠላቂዎች የሚለው ቃል መጻፉን፥ ቁልፉ ተጠምዝዞ መዘጋቱን፥ ቀለበቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ መዞሩን። ያገለገለ ሰዓት ከሆነም የጎማው ማሸጊያ ሳይታደስና በግፊት ሳይፈተን ባሕር ሊገባ አይገባውም፤ ጎማ ያረጃልና።

ከሃርውድ ቀዳዳ እስከ ቺስቶፖል ክዳን ያየነው ሁሉ አንድ ነገር ያስረዳናል። የሰዓቱ ክብር በስሙ ላይ ሳይሆን በማሸጊያው ላይ ነው፤ ማሸጊያውንም ውሃ እንጂ ዋጋ አይፈትነውም።