ከኩላሊት ጠጠር የሞገድ ሕክምና በኋላ የሚሰጡ መድኃኒቶች

ከኩላሊት ጠጠር የሞገድ ሕክምና በኋላ የሚሰጡ መድኃኒቶች፣ ጠጠሩ ከሰውነት ውጭ በሚላክ የግፊት ሞገድ (ሊቶትሪፕሲ) ከተሰባበረ በኋላ ስብርባሪው ቶሎ እንዲወጣ፣ ሕመሙ እንዲቀንስና ጠጠሩ ዳግም እንዳያድግ ለታካሚው የሚታዘዙ ናቸው። ዋናዎቹ አልፋ ብሎከር የሚባሉት፣ በተለይም ታምሱሎሲን፣ እንዲሁም የሕመም ማስታገሻዎችና ፖታሲየም ሲትሬት ናቸው። ሞገዱ ጠጠሩን ይሰብረዋል እንጂ አያወጣውም። ስብርባሪውን ጠርጎ የሚያወጣው ሽንቱ ራሱ ስለሆነ፣ ከማሽኑ ከወረዱ በኋላ ያሉት ሳምንታት የሕክምናው አካል ናቸው።

የሕክምናው አመጣጥ

በዚህ ዘዴ የመጀመሪያው ሰው የታከመው እ.ኤ.አ. የካቲት 7 ቀን 1980 በምዕራብ ጀርመን ሙኒክ ከተማ ነው። ሐኪሙ ክርስቲያን ሾሲና ባልደረቦቹ የተጠቀሙበትን ማሽን የሠራው ዶርኒየር የተባለው የአውሮፕላን ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ከድምፅ በላይ የሚበሩ አውሮፕላኖች ከዝናብ ጠብታ ጋር ሲጋጩ በአካላቸው ውስጥ የሚፈጠረውን ሞገድ ሲያጠና ቆይቶ ነው ወደ ሕክምና የገባው። በአሜሪካ ማሽኑ በ1984 ፈቃድ አገኘ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ታካሚው በውኃ ገንዳ ውስጥ ይነከር ነበር። ምክንያቱም ሞገዱ በውኃና በሥጋ ውስጥ ብዙም ሳይደናቀፍ አልፎ፣ ጉልበቱን የሚያራግፈው ጠጣር ነገር ሲያገኝ ነው። በዛሬዎቹ ማሽኖች ገንዳው ቀርቶ ውኃ የያዘ ትራስና ጄል ይበቃል።

ሕክምናው ቢላ ባይነካውም ኩላሊቱን ጥቂት ያቆስለዋል። ስለዚህ ለአንድ ወይም ለጥቂት ቀናት ሽንት ደም ቢቀላቅል የሚጠበቅ ነው።

ስብርባሪው የሚያልፍበት መንገድ

ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦ፣ ዩሬተር፣ ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ ግን ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። በሦስት ቦታዎችም ይበልጥ ይጠባል፦ ከኩላሊቱ ሲወጣ፣ ወደ እግር የሚወርዱትን ትላልቅ የደም ሥሮች ሲሻገርና ወደ ፊኛው ሲገባ። ስብርባሪ የሚቀረቀረው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ነው። 4 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ቁራጭ በአብዛኛው በራሱ ይወጣል። አንዳንዴ ግን ብዙ ስብርባሪ በአንድ ጊዜ ወርዶ በቱቦው ውስጥ ይደረደርና መንገዱን ይዘጋል። ጀርመኖች ይህን «ሽታይንሽትራሰ» ብለውታል፤ ድንጋይ የተነጠፈበት ጎዳና ማለት ነው፤ በኤክስሬይ ሲታይም በእርግጥ እንደዚያው ነው። ጠጠሩ ትልቅ ሲሆን ሐኪሞች ይህን በመስጋት ከሕክምናው በፊት ስቴንት የተባለ ቀጭን ቱቦ ሊያስገቡ ይችላሉ።

አልፋ ብሎከሮች

ታምሱሎሲን የተሠራው ለፕሮስቴት እብጠት ነው። የዩሬተር ጡንቻ፣ በተለይ ወደ ፊኛው የቀረበው የታችኛው ክፍል፣ በፕሮስቴትና በፊኛ አንገት ላይ ያሉት ዓይነት የአልፋ ተቀባዮች ስላሉት መድኃኒቱ እነዚህን ሲዘጋ ቱቦው ይላላል፤ የጡንቻው መኮማተርም ይቀንሳል። የተለመደው መጠን በቀን አንድ ጊዜ 0.4 ሚሊግራም ሲሆን፣ ስብርባሪው እስኪወጣ ወይም እስከ አራት ሳምንት ገደማ ይወሰዳል። ሲሎዶሲን፣ አልፉዞሲንና ዶክሳዞሲንም ለዚሁ ዓላማ ተሞክረዋል።

በመድኃኒቱ ማሸጊያ ውስጥ ያለው ወረቀት ስለ ፕሮስቴት ብቻ ስለሚናገር፣ ለጠጠር የታዘዘላት ሴት ፋርማሲው የተሳሳተ መድኃኒት የሰጣት ሊመስላት ይችላል። ስሕተት አይደለም። መድኃኒቱ ለጠጠር የሚታዘዘው በፈቃዱ ላይ ከተጻፈው ዓላማ ውጭ ቢሆንም፣ ይህ አሠራር በኡሮሎጂ ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ለሴቶችም ይሰጣል።

ስለ ጥቅሙ የተደረጉት ጥናቶች አይስማሙም። በ2015 ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመና ከ1,100 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የብሪታንያ ጥናት ታምሱሎሲንም ኒፈዲፒንም ከባዶ ክኒን እንዳልበለጡ አገኘ። በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናትም ከ9 ሚሊሜትር በታች ለሆኑ ጠጠሮች ተመሳሳይ ውጤት ሰጠ። ሆኖም ሁለቱም የመረመሩት በሞገድ ያልተሰበረ፣ በራሱ የወረደ ጠጠርን ነው። ከሞገድ ሕክምና በኋላ ያለውን ሁኔታ ለይቶ የመረመረው በ2020 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 40 ጥናቶችን ሰብስቦ፣ አልፋ ብሎከር የወሰዱ ሰዎች ከጠጠር ነፃ የመሆን ዕድላቸው በመጠኑ ከፍ እንደሚል፣ ጊዜውም በጥቂት ቀናት እንደሚያጥርና ተጨማሪ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው እንደሚያንሱ ጠቁሟል። ገምጋሚዎቹ ግን የማስረጃው ጥራት ዝቅተኛ መሆኑን ጽፈዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሊያግዝ የሚችል ነው እንጂ ያለ እሱ ጠጠር አይወጣም የሚባል አይደለም።

የታወቀው የጎንዮሽ ጉዳት ከተቀመጡበት ሲነሱ ማዞር ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ወይም ሲልደናፊል በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይብሳል። በወንዶች ላይ የዘር ፈሳሽ ወደ ፊኛ ሊመለስ ወይም ሊቀንስ ይችላል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ይስተካከላል። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው ታምሱሎሲን መውሰዱን ለዓይን ሐኪሙ መንገር አለበት፤ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የዓይን ብሌን ዙሪያውን አላልቶ ሥራውን ስለሚያስቸግር ነው።

የሕመም ማስታገሻዎች

ስብርባሪ ቱቦውን ሲዘጋ ሽንት ወደ ኋላ ተጠራቅሞ በኩላሊቱ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ ኩላሊቱም ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የእነዚህን መመረት ስለሚገቱ ለጠጠር ሕመም ይመረጣሉ። ነገር ግን የኩላሊት ድክመት ወይም የጨጓራ ቁስለት ላለበት ሰው አይስማሙም። ለእንዲህ ያለው ሰው ፓራሲታሞል፣ ሕመሙ ሲከፋም ትራማዶልን የመሰለ ማስታገሻ ይታዘዛል። ለሕክምናው ሲባል የተቋረጡ እንደ ዋርፋሪን ያሉ ደም ማቅጠኛዎች ታካሚው በራሱ የሚመልሳቸው አይደሉም፤ ቀኑን ሐኪም ይወስናል፤ በኩላሊት ዙሪያ ደም ሊጠራቀም ይችላልና።

አንቲባዮቲክ

ለሁሉም አይሰጥም። ሽንታቸው ባክቴሪያ ያለበት፣ ስቴንት የገባላቸው ወይም በኢንፌክሽን የተፈጠረ ጠጠር ያለባቸው ሰዎች ይወስዳሉ። ቱቦው ተዘግቶ ሳለ ትኩሳት ከመጣ ክኒን ብቻውን አይበቃም፤ የታጎረው ሽንት በአስቸኳይ መውጫ ሊበጅለት ይገባል።

ፖታሲየም ሲትሬት

በኩላሊት ውስጥ የቀረ ትንሽ ቁራጭ ለአዲስ ጠጠር ዘር ይሆናል። ሲትሬት በሽንት ውስጥ ካልሲየምን ይይዛል፣ የሽንቱንም አሲድነት ይቀንሳል፤ በዩሪክ አሲድ የተሠራ ጠጠርን እስከ ማሟሟት ይደርሳል። በኢንፌክሽን ለተፈጠረ ጠጠር ግን የሽንት አሲድነት መቀነሱ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። የወጣውን ስብርባሪ በማጣሪያ ይዞ ወደ ላቦራቶሪ መውሰድ የሚመከረው ለዚህ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ወይም እንደ ኤናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያሉ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ፖታሲየሙ በደሙ ውስጥ ከመጠን በላይ እንዳይሆን መመርመር ይኖርበታል።

ለረጅም ዘመን ጠጠር እንዳይመለስ ይታዘዝ የነበረው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በ2023 በታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት ከባዶ ክኒን ብልጫ አላሳየም።

ውኃ

ውኃ መድኃኒት ባይባልም ከሁሉም በፊት የሚታዘዘው እሱ ነው። በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ሽንት የሚያስወጣ ያህል መጠጣት ያስፈልጋል፤ በሞቃት አገር በላብ የሚወጣውም ይታሰባል። በኢትዮጵያ ለጠጠር ይጠጣሉ የሚባሉት የገብስና የተልባ ውኃ ቢያንስ የሚጠጣውን ፈሳሽ ይጨምራሉ፤ የታዘዘውን መድኃኒት ግን አይተኩም። ሕመሙ በበረታበት ሰዓት ውኃ በብዛት በመጋት ጠጠሩን ገፍቶ ማውጣት ይቻላል የሚለው ሐሳብ ማስረጃ የለውም። ከውኃም ጭምር የሚጾም ሰው ጾሙን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል።

አስቸኳይ ምልክቶች

38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት፣ የሽንት መቋረጥ፣ በማስታገሻ የማይበርድ ሕመም፣ የረጋ ደም በሽንት መውጣት፣ እንዲሁም የጎን ሕመም ከማዞርና ራስን ከመሳት ጋር ሲመጣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ምንም ምልክት ባይኖርም የቀረ ስብርባሪ መኖር አለመኖሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በኤክስሬይ ወይም በአልትራሳውንድ ይታያል፤ የተዘጋ ቱቦ ያለ ሕመም ኩላሊትን ሊያደክም ይችላልና።