በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ተሳፋሪን ከሙቀት መጠበቅ

አዳማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 99 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ከባህር ወለል በላይ በ1 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ የምትገኝ ከመሆኗም በላይ፣ አየር በየ1 ሺህ ሜትሩ ቁልቁለት በአማካይ 6 ነጥብ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚሞቅ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ከከፍታ ብቻ የሚመነጭ ከ4 ዲግሪ በላይ የሙቀት ልዩነት ይኖራል። ባቱ ከአዳማ ጋር ተቀራራቢ ከፍታ ሲኖራት፣ ቢሾፍቱና ሻሸመኔ ከፍ ብለው ይገኛሉ። ወደ መተሐራ ሲወረድ ግን ከፍታው ወደ 950 ሜትር ገደማ ያሽቆለቁላል፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራትም ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

በእነዚህ ከተሞች የሕዝብ ትራንስፖርት ለረጅም ዓመታት በጋሪ፣ በኋላም በባጃጅና በሚኒባስ ላይ ተመሥርቶ ቆይቷል። ጋሪና ባጃጅ ጎናቸው ክፍት በመሆኑ ተሳፋሪው በጉዞ ላይ ነፋስ ያገኛል። ይሁን እንጂ በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባ-አዳማ የፍጥነት መንገድ፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ-ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ከተመረቁ ወዲህ ወደ አዳማ የሚደረገው ጉዞ ይበልጥ ቀልሏል። የከተሞቹ ሕዝብም እየጨመረ በመሄዱ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጭኑ አውቶቡሶች አስፈላጊነት እየጎላ መጥቷል።

ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ከዚህ አንጻር የሚታይ አንዱ አማራጭ ነው። በአገራችን እነዚህ አውቶቡሶች ከ2008 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት በአዲስ አበባ በሸገር ብዙኃን ትራንስፖርት ሥር ሲሰማሩ፣ የተገጣጠሙትም በቢሾፍቱ በሚገኘው የአውቶሞቲቭ ኢንዱስትሪ ነበር። በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ባለች ከተማ ተገጣጥመው በደጋ አየር ሲያገለግሉ ቆይተዋል ማለት ነው። ደጋ ላይ የጧት ብርድን የሚከላከል አካል ቆላ ላይ የቀትር ሙቀትን አምቆ የሚይዝ በመሆኑ፣ ለአዲስ አበባ የተስማማ አውቶቡስ ለአዳማም ይስማማል ብሎ መውሰድ አይቻልም።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

የአውቶቡስ ውስጣዊ ሙቀት ዋነኛ ምንጭ ፀሐይ ናት። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀትር በአንድ ካሬ ሜትር አግድም ወለል ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1 ሺህ ዋት ገደማ ነው። 11 ሜትር ርዝመትና 2 ነጥብ 5 ሜትር ስፋት ያለው የአውቶቡስ ጣሪያ 27 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ 27 ኪሎ ዋት የሚደርስ ኃይል ያርፍበታል። ይህም በየቤቱ እንጀራ የሚጋገርባቸው ሰባት ያህል የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ከሚወስዱት ኃይል ጋር የሚስተካከል ነው። በተጨማሪም በአዳማ ኬክሮስ ፀሐይ በሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናት በቀትር ከአናት በላይ ስለምትሆን፣ ጣሪያው ሙሉውን ትኩሳት የሚቀበለው በሞቃታማው ወቅት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ተሳፋሪው ራሱ ነው። አንድ ተቀምጦ የሚጓዝ አዋቂ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል። ሰማንያ ሰዎች የጫነ አውቶቡስ ስለዚህ 8 ኪሎ ዋት፣ ማለትም የሁለት ምጣድ ያህል ተጨማሪ ሙቀት በውስጡ ይዟል። የሞተሩ ሙቀት ሲታከልበት ጫናው ከፍ ይላል።

ይህ ሁሉ ጎልቶ የሚሰማው በላይኛው ፎቅ ነው። በጣሪያውና በተሳፋሪው ራስ መካከል ያለው ርቀት አጭር በመሆኑ የጋለው ጣሪያ ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ተሳፋሪው ይለቃል። ሞቃት አየር ወደ ላይ የሚወጣ በመሆኑም ከታችኛው ክፍል በደረጃው በኩል እየተሳበ ላይኛው ፎቅ ይሰበሰባል። ታችኛው ፎቅ በየፌርማታው በሩ በተከፈተ ቁጥር አየር ሲቀይር፣ ላይኛው ግን በር የለውም። የፊት ለፊቱ ሰፊ መስታወት ደግሞ ለእይታ ያማረውን ያህል ፀሐይ የሚያስገባ ነው።

ከማቀዝቀዣ በፊት የሚቀድሙ እርምጃዎች

ሙቀት ከገባ በኋላ ለማስወጣት ከመድከም አስቀድሞ እንዳይገባ ማድረግ የተሻለና ርካሽ ነው። ከእነዚህ እርምጃዎች የመጀመሪያው የጣሪያው ቀለም ነው። ጥቁር ወይም ደማቅ ጣሪያ ካረፈበት የፀሐይ ኃይል አብዛኛውን ሲውጥ፣ ንጹሕ ነጭ ጣሪያ አብዛኛውን መልሶ ያንጸባርቃል። ሆኖም በአዳማ አቧራ የሸፈነው ነጭ ጣሪያ ጥቅሙ ስለሚቀንስ፣ ጣሪያውን አዘውትሮ ማጠብ የጥገናው አካል ሊሆን ይገባል። በቆርቆሮውና በውስጠኛው ኮርኒስ መካከል ሙቀት የማያስተላልፍ ሽፋን ማድረግና ፀሐይን የሚቀንስ መስታወት ወይም መጋረጃ መግጠም ቀጥለው የሚመጡ ናቸው።

ሁለተኛው እርምጃ አየር እንዲዘዋወር ማድረግ ነው። የስምጥ ሸለቆ አየር በበጋ ደረቅ በመሆኑ ላብ ቶሎ ይተናል፤ ላብ ሲተን ደግሞ ሰውነት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የውጭው አየር ከ30 ዲግሪ ብዙም በማያልፍባቸው እንደ አዳማና ባቱ ባሉ ከተሞች፣ በሚጓዝ አውቶቡስ ውስጥ ነፋስ ማሳለፍ ብቻውን ከፍተኛ እፎይታ ይሰጣል። አካባቢው በነፋስ የታወቀ ለመሆኑ በአዳማ አቅራቢያ የተተከሉት 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ምስክር ናቸው።

ለዚህም ላይኛው ፎቅ በግራና በቀኝ የሚከፈቱ መስኮቶች፣ በፊት በኩል የአየር ማስገቢያ፣ በጣሪያው የኋላ ክፍል ደግሞ ሞቃቱን አየር የሚያስወጣ ክፍተት ያስፈልገዋል። አቧራ እንዳይበዛ ከላይኛው ጠርዝ በኩል የሚከፈቱ አነስተኛ መስኮቶች ይመረጣሉ፤ እነዚህ ነፋሱ በቀጥታ የተቀማጩን ፊት እንዳይመታም ይረዳሉ። አውቶቡሱ ሲቆም የተፈጥሮ ነፋሱ ስለሚቋረጥ ጥቂት የአየር ማራገቢያዎች መኖራቸው ጠቃሚ ነው።

የሚከፈት መስኮትን አቃልሎ ማየት የሚያስከትለውን ችግር ለንደን ተምራበታለች። እ.ኤ.አ. በ2012 አገልግሎት የጀመሩት አዲሶቹ የከተማዋ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች በማቀዝቀዣ በመታመን የሚከፈት መስኮት ሳይኖራቸው ተሠሩ። በበጋ ወራት ላይኛው ፎቅ መጋሉን በመግለጽ ተሳፋሪዎች ቅሬታ በማብዛታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የሚከፈቱ መስኮቶች በተጨማሪ ወጪ እንዲገጠሙ ተወስኗል። ብርድ በሚበዛባት ለንደን ይህ ከደረሰ፣ በመተሐራ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

የማቀዝቀዣ መሣሪያ ጥቅምና ወጪ

የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ እጅግ ሞቃት በሆኑ ቦታዎች አማራጭ የሌለው ሊሆን ይችላል። በሆንግ ኮንግ ትልቁ የአውቶቡስ ኩባንያ ማቀዝቀዣ የሌላቸውን የመጨረሻ አውቶቡሶቹን እ.ኤ.አ. በ2012 ከአገልግሎት ያስወጣ ሲሆን፣ የሕንዷ ሙምባይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ማቀዝቀዣ ያላቸው የኤሌክትሪክ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶችን አሰማርታለች። ሁለቱም ከተሞች በባህር ዳር የሚገኙና አየራቸው እርጥበት የበዛበት በመሆኑ ነፋስ ብቻውን አይበቃቸውም።

በናፍጣ አውቶቡስ ላይ ማቀዝቀዣው ኃይሉን የሚያገኘው ከሞተሩ ነው። በአዳማ ከፍታ አየሩ በባህር ጠረፍ ካለው ይልቅ ስስ በመሆኑ የሞተር አቅም በተፈጥሮ ዝቅ ይላል፤ ማቀዝቀዣ ሲጨመርበት ደግሞ ዳገት መውጣት ይከብደዋል፣ የነዳጅ ፍጆታውም ይጨምራል። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ትኩረት እየሳበ ባለው የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ላይም ማቀዝቀዣው ከባትሪው ስለሚወስድ፣ አውቶቡሱ በአንድ ሙሌት የሚጓዘው ርቀት ያጥራል። ጣሪያው ነጭ፣ መስታወቱ ጥላ ያለው አውቶቡስ ግን አነስተኛ ማቀዝቀዣ ስለሚበቃው ወጪው ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ ማቀዝቀዣ የተገጠመለትም አውቶቡስ የሚከፈት መስኮት ሊኖረው ግድ ነው። መሣሪያው ተበላሽቶ መለዋወጫ እስኪገኝ የሚቆይበት ጊዜ ረጅም ሊሆን ስለሚችል፣ መስኮቱ የታሸገ አውቶቡስ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተሳፋሪ ለመጫን አይበቃም።

መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ?

በአገራችን አውቶቡሶች ውስጥ የመስኮት ነገር ከመሐንዲሱ ይልቅ የተሳፋሪው ጉዳይ መሆኑ የታወቀ ነው። አንዱ ሙቀቱ ሲያፍነው መስኮት ሲከፍት፣ ሌላው "ብርድ ይመታኛል" ብሎ ይዘጋዋል። ፀሐይ የበረታበት ደግሞ ምች ይመታኛል ብሎ ይሰጋል። እናቶች ሕፃን ይዘው ሲሳፈሩ ጥንቃቄው ይጨምራል። ላብ ያጠመቀውን ሰው ቀዝቃዛ ነፋስ እንደማይመቸው አይካድም፤ ሆኖም በተዘጋ መስኮት መጓዝ የበለጠ አደጋ አለው።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከፍተኛ የሆነባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። በሽታው የሚተላለፈው በአየር በመሆኑ፣ ሰው ተጨናንቆ በሚቀመጥበትና አየር በማይለወጥበት ቦታ የመተላለፍ ዕድሉ ይጨምራል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት ወቅት የሕዝብ ማመላለሻዎች በግማሽ አቅማቸው እንዲጭኑ የተደረገውም መጨናነቁን ለመቀነስ ነበር። የተከፈተ መስኮት ስለዚህ ከሙቀትም ከበሽታም ይከላከላል። ሙቀቱ የሚያስቸግራቸው ከነፋሱ በኩል፣ ነፋስ የሚፈሩት ወይም ሕፃን የያዙት ደግሞ በታችኛው ፎቅ መካከለኛ መቀመጫዎች እንዲቀመጡ ትኬት ቆራጩ ቢያስተባብር ክርክሩ ይቀላል።

በመናኸሪያና በጉዞ ላይ

የአውቶቡስ ሙቀት በአብዛኛው የሚጠራቀመው በጉዞ ላይ ሳይሆን በቆመበት ነው። ተሽከርካሪ ሞልቶ እስኪነሳ በፀሐይ ቆሞ ሲጠብቅ ነፋስ አያገኝም፤ ቀድሞ የገባው ተሳፋሪም ለረጅም ጊዜ ይታፈናል። በሰዓት ሰሌዳ መነሳት ይህን ጊዜ ያሳጥራል። መናኸሪያዎችም የዛፍ ወይም የዳስ ጥላ ሲኖራቸው ጠቀሜታው ከፍተኛ ነው። ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ከ4 ሜትር በላይ ቁመት ስላለው ግን ዳሱ ከዚያ ከፍ ብሎ መሠራት፣ የዛፉም ቅርንጫፍ መስተካከል አለበት። ተሳፋሪ ከመግባቱ በፊት መስኮቶችን ሁሉ ለጥቂት ደቂቃዎች ከፍቶ ማናፈስም ምንም ወጪ የማይጠይቅ ልማድ ነው።

አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በቀትር ጉዞ ታችኛውን ፎቅ ቢመርጡና ውሃ ቢይዙ ይመከራል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ከባድ ላብ የታየበት ተሳፋሪ ወርዶ ጥላ ሥር ማረፍ፣ ልብሱን ማላላትና ውሃ በትንሽ በትንሹ መጠጣት ይኖርበታል። ንግግሩ የተምታታ ወይም ራሱን የሳተ ከሆነ ውሃ በአፉ ለመስጠት ሳይሞከር፣ ሰውነቱን በውሃ እያራሱና እያራገቡ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።

ከላይ ከተዘረዘረው እንደሚታየው፣ ለስምጥ ሸለቆ ከተማ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ የሚገዛ አካል በግዥ ሰነዱ ላይ ነጭ ጣሪያ፣ የኮርኒስ ሽፋን፣ በሁለቱም ፎቆች የሚከፈቱ መስኮቶችና የጣሪያ አየር ማስወጫ እንዲካተቱ ሊጠይቅ ይገባል። እነዚህ አውቶቡሱ ሲገጣጠም ቢካተቱ ወጪያቸው አነስተኛ ነው፤ ከተረከቡ በኋላ ማስተካከል ግን ድርብ ወጪ ነው። ማቀዝቀዣውም ቢሆን የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው።