ዳገቱና ባትሪው

ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ‹‹ቀይ ኮረብታ›› ማለት ነው፡፡ ለብዙዎቻችን ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መነሻ፣ ከጅቡቲ ጭነው ለሚመጡ ከባድ መኪኖች ደግሞ የከተማችን በር ናት፡፡

መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፡፡ ነገ ተራው የጭነት መኪና ቢሆንስ? በአንድ ቻርጅ ከጅቡቲ ተነስቶ የት ይደርሳል? አብዛኛው ሰው መልሱን ከባትሪው ትልቅነት ይፈልገዋል፡፡ ታሪካችን ግን ሌላ ይላል፡፡

ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፡፡ ዳገቱ እምቢ አለ! በ1902 ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ ድሬዳዋም ተወለደች፡፡ አዲስ አበባ የገባው ገና በ1917 ነው፡፡ የእንፋሎት ባቡር ውኃ ይጠማዋል፡፡ ያን ሁሉ በረሃ ያቋረጠው ግን የመንገዱን ውኃ በሙሉ ተሸክሞ ሳይሆን በየጣቢያው ውኃ እየጠበቀው ነው፡፡ በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡርም ኃይሉን አይሸከምም፤ ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ይወስዳል፡፡

እስቲ አሁን መኪናውን እናስላው፡፡ ጅቡቲ ከባሕር ዳር ናት፤ እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፡፡ ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና 2,000 ሜትር ከፍ ለማለት ብቻ 218 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ጎማውና ነፋሱ የሚበሉት ሳይቆጠር፡፡ የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ ባትሪውን መልሶ ይሞላል ይባላል፤ እውነት ነው፡፡ ችግሩ የእኛ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ወይም ቀለል ብሎ ይወርዳል፤ ከብዶ የሚወጣው ሽቅቡን ነው፡፡ የወረደበት የወጣበትን አይከፍልም፡፡ ባትሪውን እናተልቀው ብንል ደግሞ ክብደቱ ከጭነቱ ላይ ይቀነሳል፡፡

እንግዲህ መኪናው ሩቅ እንዲሄድ ከተፈለገ ጣቢያው መቅደም አለበት፡፡ ሾፌሮች ምሳ በሚበሉበት፣ በሚያድሩበት፣ ዳገቱም ሳይጀምር፤ ሚሌ፣ አዋሽ፣ አዳማ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ ወይም ባትሪ መለወጫ ይተከል፡፡ ጉዳዩ የመኪና ብቻ አይደለም፤ የሥራና የከተማም ነው፡፡ ባቡር የቆመበት ቦታ ምን እንደሚሆን ድሬዳዋ አሳይታናለች፡፡

‹‹ባትሪው ስንት ኪሎሜትር ይሄዳል?›› ብለን ከመጠየቃችን በፊት ‹‹መኪናው የት ይቆማል?›› እንበል፡፡