ብሬከሩ ቤቱን ያድናል፤ ሰውንስ ማን ያድናል?

እስቲ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን የብሬከር ሳጥን ተመልከቱ። 10፣ 16 ወይም 20 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። ምጣዱ ተሰክቶ ሳለ ምድጃው ሲጨመርበት ድንገት የሚጠፋው እሱ ነው። ታዲያ ብዙ ሰው “ብሬከር ስላለን ኮረንቲ ቢይዘን እንኳ ያተርፈናል” ብሎ ያስባል። ይህ እምነት አደገኛ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ ተመልሰን ታሪኩን እንይ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምትቀልጠዋ ሽቦ

ነገሩ የተጀመረው ከመብራት በፊት፣ በቴሌግራፍ ነው። በ1847 ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬጌ የቴሌግራፍ ጣቢያዎችን ከመብረቅ ለመጠበቅ መስመሩ ላይ ቀጭን ሽቦ እንዲገባ ሐሳብ አቀረበ። መብረቅ ሲመጣ ቀጭኗ ሽቦ ቀልጣ መስመሩን ትቆርጣለች፤ ውዱ መሣሪያ ይተርፋል። በ1882 ኒውዮርክ ውስጥ ለደንበኞች ኤሌክትሪክ ማከፋፈል የጀመረው ቶማስ ኤዲሰንም በ1890 ለፊውዝ የፈጠራ መብት አገኘ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ኮረንቲ ሲበዛ ሽቦ ይሞቃል። ግድግዳ ውስጥ ያለው ገመድ ግሎ ቤት ከሚያቃጥል፣ ሆን ተብላ ደካማ የተደረገችው ሽቦ ቀድማ ትቅለጥ ነው። ችግሩ ፊውዝ አንዴ ከተቃጠለ መለወጥ አለበት። መግዛት የሰለቸው ሰው ደግሞ በቦታው ወፍራም ሽቦ ያስርበታል። ያኔ ቀድሞ የሚቃጠለው ፊውዙ ሳይሆን የቤቱ ገመድ ይሆናል።

በ1924 ጀርመን አገር፣ ማንሃይም ከተማ የሚገኘው የሁጎ ሽቶትስ ድርጅት መፍትሔ አመጣ፦ ከጠፋ በኋላ ተመልሶ የሚበራ ትንሽ ብሬከር። በውስጡ ሁለት ጠባቂዎች አሉ። አንደኛው ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ቅጠል ነው። ጭነት ሲበዛ ቀስ እያለ ይሞቅና ይጎብጣል፤ ጎብጦም መስመሩን ያላቅቃል። ሁለተኛው የሽቦ ጥቅል ነው። ገመዶች ተነካክተው ኮንታክት ሲፈጠር ወዲያውኑ ማግኔት ሆኖ ይስባል፤ መስመሩም በቅጽበት ይቆረጣል።

ሒሳቡን እንሥራ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የሰው አካል ኮረንቲን የሚከለክልበት መጠን እንደ ቆዳው እርጥበት ይለያያል፤ ለምሳሌ 2000 ኦም እንበል። 220 ቮልት ለ2000 ሲካፈል 0.11 አምፔር ይሆናል፤ ማለትም 110 ሚሊ አምፔር። ይህ ልብን አዛብቶ ሊገድል ይችላል። የ16 አምፔር ብሬከር ግን የሚጠብቀው ከ16,000 ሚሊ አምፔር በላይ ነው! ሰው ኮረንቲ ይዞት እየሞተ ብሬከሩ ምንም አይሰማውም። ጥፋቱ የብሬከሩ አይደለም፤ የተሠራው ገመዱን ሊጠብቅ ነውና።

ከወርቅ ማዕድን እስከ መኖሪያ ቤት

ሰውን የሚያድነው መሣሪያ ታሪክ አንዱ ትልቅ ምዕራፍ የተጻፈው በአፍሪካ ነው። በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ማውጫዎች ኤሌክትሪክ ከባድ አደጋ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሾልኮ ወደ መሬት የሚሄድ ኮረንቲን የሚከታተሉ መሣሪያዎች የሚነቁት ወደ 10 አምፔር ሲደርስ ነበር። ኢንጂነር ሄንሪ ሩቢን በ1955 ይህን ወደ 250 ሚሊ አምፔር አወረደው። ለሰው ግን ይህም ብዙ ነው። በ1956 ከ20 ሚሊ አምፔር በታች የሚቆርጥ ናሙና ሠራ። ስቲልፎንቴን በተባለች የማዕድን መንደር አንዲት ሴት ቤቷ ውስጥ በኮረንቲ ከሞተች በኋላ፣ በ1957 እና 1958 መሣሪያው በመቶዎች በሚቆጠሩ ቤቶች ተገጠመ።

በአሜሪካ የበርክሌይ ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚል ደግሞ ሌላ ጥያቄ አነሣ፦ ኮረንቲ የያዘው ሰው እጁን መልቀቅ የሚያቅተው ስንት ሲደርስ ነው? በፈቃደኞች ላይ ለክቶ፣ በአማካይ ለወንዶች 16፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊ አምፔር አካባቢ ሆኖ አገኘው። ከዚያ በላይ ጡንቻው ይጨመደድና ጣቶች ሽቦውን ጨብጠው ይቀራሉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያም 5 ሚሊ አምፔር ገደማ ሲሾልክ የሚቆርጥ መሣሪያ ሠራ።

እንዴት ነው የሚያውቀው?

ዛሬ አር ሲ ዲ የሚባለው መሣሪያ ሥራው መቁጠር ነው። ፌዝና ኒውትራል አብረው በአንድ የብረት ቀለበት ውስጥ ያልፋሉ። የሄደው ሁሉ ከተመለሰ የሁለቱ ማግኔት ይጣፋል። በእናንተ አካል በኩል ጥቂት ወደ መሬት ከሾለከ ግን ሒሳቡ ይጎድላል፤ ቀለበቱ ላይ የተጠመጠመው ሽቦም ይህን አውቆ ያስቆርጣል። ለቤት የተለመደው 30 ሚሊ አምፔር ሲሾልክ ከ0.3 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። መደንገጣችሁ ባይቀርም ልባችሁ ሳይዛባ የመትረፍ ዕድላችሁ በጣም ይጨምራል። የኧርዝ ገመድ በትክክል ከተሠራ ደግሞ፣ ፌዝ የፍሪጁን ብረት ሲነካ እናንተ ሳትነኩት መብራቱ ይጠፋል።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። በአንድ እጅ ፌዝን፣ በሌላው ኒውትራልን ብትይዙና ወደ መሬት የሚሾልክ ከሌለ፣ የሄደው ሁሉ ተመልሷልና አር ሲ ዲው እናንተን ከምጣድ አይለያችሁም።

ስለዚህ ሳጥኑን ስታዩ “ቲ” የሚል ፊደል ያለበት ትንሽ ቁልፍ ፈልጉ። መሞከሪያው እሱ ነው፤ ሲጫኑት መብራት መጥፋት አለበት። ካልጠፋ፣ ወይም ቁልፉ ጭራሽ ከሌለ፣ ለቤተሰብ ንገሩና ባለሙያ ይጠራ። ሳጥኑን ራሳችሁ አትፍቱት።